በአውድማው ዙሪያ ሦስት ጊዜ

«ልጄን አንተ ዘንድ ያስቀመጥኳት ተምራ ሰው እንድትሆን ነበር። አንተ ግን አውድማ የምትፈራ ባላገር አደረግህብኝ። በሰው ፊት ከምታዋርደኝ ይቅርባት፤ ሩጫው እዚህ ላይ ይብቃ።»

ይህ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን በስልክ የላክህልኝ ቃል ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ይድረስ ለወንድሜ ለአረጋ። ቁጣዬ ከሰላምታዬ አይቀድምምና አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰንብተሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ባለቤትህ ሰብሌስ እንዴት ናት? ሕፃኑስ እግር አወጣ? የሐዋሳ ሙቀት ተስማምቷችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፣ ብርዱ ገብቷል፣ ጾሙንም ይዘናል። ባለቤቴ ሙሉሃብት ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ለክፉ አይሰጣትም። ልጅህም በአካል ደህና ናት። በአካል ያልኩት አስቤበት ነው።

ነገሩን ያወቅኸው «አውድማ ላለመርገጥ ከመስመር ወጣች፤ ተሰረዘች» ከሚል የውጤት ዝርዝር ላይ ስለሆነ ከመነሻው ልንገርህ።

ኮሌጁ የተከፈተው መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። የአገር አቋራጭ ቡድናችን ዘንድሮ አሥራ አራት ልጆች አሉት፤ አምስቱ ሴቶች ናቸው። የማስተምረው ጂኦግራፊ ቢሆንም ቡድኑን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ እኔ ይዣለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ጎሕ ሲቀድ የአሸተን ማርያምን ዳገት ይወጣሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ እስከ ነአኩቶ ለአብ ደርሶ መልስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ክረምቱን ያረፈ እግር ይዝላል፣ ጎን ይወጋል። አንድ ቀን ከአሸተን የሚወርዱ መነኩሴ ቆም ብለው፣ «ልጆቼ፣ ማን እያሳደዳችሁ ነው?» አሉ። ልጅህ የአብስራ እያለከለከች «ጋሼ ናቸው፣ አባ» አለቻቸው። አባም እኔ ከታች ሳዘግም አይተው፣ «እኚህስ አይደርሱባችሁም» ብለው ባርከውን ሄዱ።

በጥቅምት መጨረሻ ልጅህ ያንን ዳገት ካምናው አራት ደቂቃ ቀንሳ ወጣችው። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ብልባላ ላይ ተደረገ። ሦስት ኮሌጆች ተገናኙ። አንዱ ዙር ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሴቶቹ ሦስት ዙር ይሮጣሉ። መስመሩን የለካሁት እኔ ነኝ፤ የለካሁት ግን በጥቅምት መጀመሪያ፣ ገብሱ ገና ቆሞ ሳለ፣ በማሳው ዳር ባለው ደረቅ ሜዳ በኩል ነው። ያ ሜዳ በኅዳር ምን እንደሚሆን የገበሬ ልጅ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቅኩም። በውድድሩ ጠዋት ስደርስ ባለማሳው አቶ ደባሱ አውድማቸውን በእበት ለቅልቀው አድርቀዋል፤ ሰኞ ሊወቁ ነዶውን ከጎኑ ከምረዋል። የእኔ ባንዲራዎች በአውድማው መሐል ያልፋሉ። ያኔም ማዞር እችል ነበር፤ ሰዓቱ ደርሷል ብዬ ተውኩት።

ሠላሳ አንድ ልጆች ተነሡ። የአብስራ ከመነሻው ትመራ ነበር። አውድማው ጋ ስትደርስ ከባንዲራው ወጥታ በክምሩ ጀርባ ዞረች። ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ባለሹል ጥርስ የሩጫ ጫማቸውን እንዳጠለቁ በመሐሉ አለፉ፤ ወደ መስመሩ ስትመለስ አምስተኛ ነበረች። አንድ በአንድ ቀደመቻቸው። በሁለተኛው ዙር ያንኑ አደረገች። ሰዉ መሣቅ ጀመረ፤ አንዱማ «እቺ ልጅ ክምሩ ጋ ምን ጠፍቷት ነው?» ሲል ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ዙር የሣቀ የለም። ሦስቴ ዞራ፣ ሦስቴ ተቀድማ፣ አንደኛ ገባች። የእኛዋ ቶይባ በአሥር እርምጃ ያህል ርቀት ሁለተኛ ሆነች።

የሰረዝኳት እኔ ነኝ። ከውድድሩ በፊት «ከባንዲራ ውጭ የወጣ ይሰረዛል» ብዬ ለሁሉም አንብቤያለሁ፤ ለወንድሜ ልጅ ሌላ ሕግ አላወጣም። ቶይባ «ያልቀደምኳትን ቀደምሽ አትበሉኝ» ብላ ለሽልማቱ አልወጣም ስትል፣ ክንዷን ይዛ ያወጣቻት ራሷ የአብስራ ናት።

ለምን እንደዞረች ጠየቅኳት። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ አውድማ በጫማ አይረገጥም። አውልቄ ልሻገር ብል ደግሞ ማሰሪያው ጊዜ ይፈጃል። ሳስበው መዞሩ ይፈጥናል» አለችኝ። እናቷ ሞታ አንተ በሰባት ዓመቷ ወደዚህ ስታመጣት፣ አውድማ ዳር ጫማዋን ያስወልቋት የነበሩት አባታችን ናቸው። የእኔንም የአንተንም ያስወልቁ ነበር። እኔ ረሳሁት፣ አንተ አፈርክበት።

ሰው ከተበተነ በኋላ አቶ ደባሱ ጠሩኝ። የተሰነጣጠቀውን አውድማ በባዶ እግራቸው እየነካኩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «መምህር፣ እርስዎ ገበሬ አባት አልነበረዎትም?» አሉኝ። ቀጥለው ያቺ ቀጭኗ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁኝ። የወንድሜ ናት አልኳቸው። «ወንድምዎ የታደሉ ናቸው» አሉ። አሁን የአንተን ቃል ከዚህ አጠገብ አስቀምጠህ ሁለቱን አንብባቸው።

ሰኞ ቡድኑን ይዤ ሄጄ እበት ተሸክመን አውድማውን እንደገና ለቅልቀናል። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ በእኔ ላይ ብትቆጣ ይገባኛል። ነገር ግን ያንኑ ቃል ለእሷም ልከህላታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልምምድ አልወጣችም። ጫማዋን አጥባ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ሙሉሃብት ሂጂ እንጂ ብትላት «አባቴ ይብቃ ብሏል» ትላለች። ይህንንም ባላገርነት ትለው እንደሆነ አላውቅም። ጎሕ ሲቀድ ግን እንደ ልማዷ ትነሣና በር ላይ ቆማ ልጆቹ ወደ አሸተን ሲወጡ ታያለች።

ቀጣዩ ውድድር ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን እዚያው ብልባላ ነው። ያለፈው ውጤቷ ተሰርዟል፣ ተሰርዞ ይቀራል። መስመሩን ግን ለውጬዋለሁ። ትናንት ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። በክምሩ ጀርባ የእግሯ ዱካ እስካሁን አለ፤ ችካሎቼን በዚያው ላይ ተከልኳቸው። ከቀድሞው አርባ ሦስት ሜትር ይበልጣል። በሦስት ብታባዛው፣ ልጅህ ከሁሉም በላይ አንድ መቶ ሃያ ዘጠኝ ሜትር ሮጣ ነው የቀደመቻቸው። አሁን የሚመጣው ሁሉ በእሷ መንገድ ይዞራል።

ሰብሌን ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። ሙሉሃብት ሁላችሁንም ትናፍቃለች፤ ከወገብህ ሙቅ ጨርቅ አይለይ ብላሃለች። የአብስራ ሰላምታ አልላከችም፤ ይህን መጻፌንም አታውቅም።

መልስህን በስልክ አልቀበልም። በወረቀት፣ በእጅህ ጽፈህ፣ በእኔ ሳይሆን በእሷ ስም፣ እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚህ ይድረስ። «ሩጪ» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። ጫማው ከደረቀ ሰንብቷል።

ታላቅ ወንድምህ ምሥጋናው
ላሊበላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2012 ዓ.ም.