ከጊምቢ የሚገባውን መኪና በር የምከፍተው እኔ ነኝ

ነቀምቴ፣ ነሐሴ መገባደጃ

ለተከበሩት አማቴ፣ ለእናቴ ለሀርሜ፤

አካም ጅርቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚቀሰቀስብዎ የወገብ ሕመም ዘንድሮ ራራልዎ? ልጅዎ ነመራስ፣ ሚስቱስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የጊምቢ ዝናብስ እንደኛው ዝናብ ጭቃውን ደጃፍ ድረስ ያመጣባችኋል? እኛ በዚህ በኩል ደኅና ነን። ደኅና ብቻ አይደለንም፣ ሰው የሚቀናበት ደኅና ነን። ዝርዝሩ ይመጣል፣ አይቸኩሉ።

በመጀመሪያ መነጽርዎን አውልቀው ይጥረጉና መልሰው ያድርጉት። አዎ፣ ጽሕፈቱ የኔ ነው። ማንም አልጻፈልኝም። አብሮኝ መናኸሪያ የሚሠራው ጋሮማ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ «ይህንንም ጨምርላቸው» ቢለኝ እንኳ በክርኔ ገፍቼዋለሁ። አንዳንዱን ፊደል ተንጋዶ ካገኙት የተቀመጥኩት የሰው ሻንጣ ላይ ስለሆነ ነው እንጂ እጄስ ቀጥ ያለ ነው። እርስዎ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቀበሌውን ሰው ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ ስለሆኑ ስህተቱን በቀይ ማረምዎ አይቀርም። ያርሙት። ብቻ የታረመውን በመኪና አይላኩልኝ፣ በእጅዎ ይስጡኝ።

ስምዎን ከላይ አለመጻፌን አስተውለዋል። የሚያውቁት ነው፤ በእናንተ ወግ አማች የአማቱን ስም አይጠራም። ቦንቱን ካገባሁ ጀምሮ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ማንም አላስገደደኝም፤ አባቴ ከወሎ የመጣ ሰው ነው፣ እኛ ቤት ይህ የለም። ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ግን «ደብዳቤ ቢጻፍለት የማያነብ፣ የኛንም ወግ የማያውቅ ሰው ልጄን እንዴት ይወስዳል?» ማለትዎን ነግረውኛል። አልተቀየምኩም። ያኔ እኮ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ግድግዳ ሥር ዘና ብዬ ምሳዬን የምበላ ሰው ነበርኩ። ዘንድሮ ሳነበው ነው የገባኝ፤ ይኸው ቦታ ቀይሬያለሁ።

ከሠርጋችን ማግስት ተነሥተው ጊምቢ ነመራ ቤት ገቡ። ቦንቱ ስትደውል ነመራ ያነሣና «ተኝተዋል» ይላታል። ጠዋትም ተኝተዋል፣ ቀትርም ተኝተዋል። ይህን ሁሉ እንቅልፍ የሰጠዎት አምላክ ይመስገን። በተኙበት ያመለጠዎትን የዘንድሮን ወሬ ግን እንግዲህ እኔ ልንገርዎ።

መስከረም ላይ የማታ ትምህርት ገባሁ። አስተማሪያችን ጫንያለው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ እኔን የመሰለ ተማሪ አላጋጠመውም። ይህን እሱም ብሏል፤ በምን ድምፅ እንዳለው አይጠይቁኝ። ማንበብ ስጀምር ያላነበብኩት ነገር የለም። የሳሙና ልጣጭ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የመኪና ጀርባ። ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ስገባ ዕቃቸውን ይደብቁብኝ ጀመር። የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤውንም ቦንቱ እያስተማረችኝ ነው። ያን ስጨርስ ነቀምቴ ውስጥ እኔ የማላነበው ሰሌዳ አይኖርም።

በዚሁ ሳቢያ ሥራም ቀየርኩ። ያ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ሲወረውር የሚያውቁት አማችዎ አሁን ተራ አስከባሪ ነው። ታርጋ አነባለሁ፣ የመውጫ ተራ እጽፋለሁ፣ ሾፌር እቆጣለሁ። ጋሮማ «ክቡር ሚኒስትር» እያለ ያላግጥብኛል። እኔም «ጉዳይህን ለጸሐፊዬ አቅርብ» እለዋለሁ።

የኔ ሹመት ግን ከቦንቱ ሲተያይ ምንም አይደል። ያቋረጠችውን ኮሌጅ ጨረሰች! ቀን ቀን ፈድሉ የሚባል የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ጨርቅ እየለካች፣ ኋላም ልጅ አዝላ፣ ሐምሌ ላይ ተመረቀች። አሁን ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆናለች። ፈድሉ ሲሰናበታት «ሱቄን አፍርሰሽ ሄድሽ» ብሎ ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ሰጣት። እርስዎ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አስተማሪ ትሆኛለሽ» ይሏት እንደነበር የነገረችኝ የምርቃቷ ዕለት ነው። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ያ ከኋላ አፉን የከፈተው እኔ ነኝ፣ እልል እያልኩ ነበር። በግራዋ ያለው ባዶ ቦታ የፎቶ አንሺው ስህተት አይደለም። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ቢል ቢል እምቢ አለችው። «ይኼ ሰው አለው» አለችው።

ከምርቃቱ በኋላ እኔም በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ወሰድኩና ኡኬ ገጠር፣ አባቴ ዘንድ ሄደን ከረምን። እሸት በቆሎ ጠብሰን በላን፣ ዝናብ አብረን አየን፣ ያለ ሥራ ተቀመጥን። አባቴ ልጅቱን አቅፎ አላወርድም አለ። ስሟን እየጠራ ሲያጫውታት እኔ ወደ በቆሎው ውስጥ ገባሁ።

አዎ፣ ልጅቱ። ኅዳር ላይ ሴት ልጅ ወለድን። ይህን እንኳ ነመራ ነግሮዎታል ብዬ አስባለሁ። ስሟን ግን አልነገርነውም። ስም ያወጣችላት ቦንቱ ናት፤ ማንንም አላማከረችም፣ እኔንም ጭምር። ገና እንደወለደች አቅፋት ጠራቻት፣ እኔ ደግሞ አፌን በእጄ ያዝኩ። «በገዛ ልጄ ላይ ምን ሠራሽብኝ?» ብላት በሳቅና በዕንባ መካከል ሆና «ቤቴ ውስጥ ስሙ እንዲጠራ ነው» አለች።

እኔ «እሜቴ» ነው የምላት። «አንቺ» ማለትም አልሆነልኝም። «እሜቴ፣ ወተትዎን ይጨርሱ እንጂ! እሜቴ፣ ጣትዎን ከአፍዎ ያውጡ!» ስል ጎረቤት በሳቅ ይሞታል። ቦንቱ ደግሞ ሆነ ብላ የቆሸሸች ቀን ታቀብለኛለች። «እንካ፣ እሜቴን እጠብ» ትላለች። ዓይኔን ወደ ጣሪያ አድርጌ አጥባለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ግን በቅርቡ የሆነ ነገር ነው። የዘጠኝ ወር ክትባቷ ደረሰና ቦንቱን የተማሪ ምዝገባ ስለያዛት ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ካርዱን ቤት ረስቼ ሄድኩ። ነርሷ «የልጅቷ ስም?» አለችኝ። «የኔ ልጅ ናት» አልኳት። «እሱንማ አየሁ፣ ስሟን» አለች። «እሜቴ እላታለሁ» ብላት መዝገቡን አገላብጣ «እሜቴ የምትባል የለችም» አለችኝ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዷ «የልጁን ስም የማያውቅ አባት!» አለች፤ ሌላዋ በኦሮምኛ «ኢንተለ ከነ ኤሳ ፊዴ?» ብላ ይቺን ልጅ ከየት እንዳመጣኋት ጠየቀች። ሌባ ልሆን ምንም አልቀረኝም! «እባክሽ እስክሪብቶ ስጪኝ» አልኩና የነርሷ ወረቀት ጥግ ላይ ጻፍኩት። አፌ እንጂ እጄ አልተከለከለም ብዬ ነው። ካጠፋሁ ይማሩኝ። ነርሷ ጮክ ብላ አነበበችው፣ እሜቴም አቤት እንደማለት ቀና አሉ።

ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ሁሉንም ሲያዩ ቆይተው «አማት አለህ?» አሉኝ። «አሉኝ፣ ጊምቢ ናቸው» አልኳቸው። ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ሳቁ፤ አነጋገሬን ለይተው «ወሎዬ ሆነህ ነው ወጋችንን የምትጠብቅ?» አሉ። ሰልፉን «አሳልፉት!» ብለው ከፊት አቆሙኝ። መርፌዋን ተወግታ ስንወጣ ግን ክንዴን ያዝ አድርገው «እሳቸው ያውቃሉ?» አሉኝ። እኔም ወደ ቤት ስመለስ ወረቀትና ፖስታ ገዛሁ።

ሀርሜ፣ እንግዲህ አሁን ያውቃሉ።

ቦንቱ መጻፌን አታውቅም። የቤት ሥራ የምሠራ ይመስላታል። ልመናዬ አንድ ነው፤ አዲሱ ዓመት ሳይገባ ይምጡ። ለኔ ብለው አይምጡ፣ እኔን ወደፊት ይወዱኛል፤ የማይወደኝ ሰው ገና አልተወለደም። ለእሷ ይምጡ። ጊምቢ ደውላ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ልጅቱን አንሥታ ስሟን እየደጋገመች ትጠራታለች፤ ልጅቱ አጠገቧ ሆና ሳለ፣ ሩቅ እንዳለ ሰው አድርጋ።

መንገዱ አያስቸግርዎትም። ከጊምቢ የሚገባውን መኪና በር የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ተራዬ ባይሆንም ለሌላ ሰው አልሰጥም። ጋሮማ ምክንያቱን ስለሚያውቅ ስቆ ይለቅልኛል። ወንበሩ ሁሉ ባዶ እስኪሆን ቆሜ አይቼ እዘጋዋለሁ።

ቤት ስንደርስ እኔ ወደኋላ እቀራለሁ። እርስዎ በሩን ይምቱ። ቦንቱ ከውስጥ «ማነው?» ትላለች። ያኔ ስምዎን ብቻ ይናገሩ። በሩን የምትከፍተው ቦንቱ ትሆናለች፣ እየዳኸች የምትመጣው ደግሞ የተጠራች የመሰላት ናት። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደምጠራት እርስዎ ይፈርዱልኛል።

እግዚአብሔር ወገብዎን ያጽናልን፣ መንገዱን ያለስልስልን፣ ዕድሜዎን ለልጅ ልጅ ወግ ያብቃው። ነመራን በርታ ይበሉልኝ፣ እሱም እውነት ይናገር ይበሉት።

አክባሪዎ አማችዎ፣
የልጅዎ ባል፣ የእሜቴ አባት

ፖስታው ላይ ያለውንም ስም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከሁሉ አሳምሬ የምጽፈው እሱን ነው።