ከሦስተኛው አልበም ላይ እጅህን አንሳ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? የትከሻህ ሕመም ተሻለህ? ጊታር ይዞ ረጅም ሰዓት መቆም አቅቶታል ሲሉ ሰምቼ አዝኛለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ስላስቸገራት ደረጃ መውጣት ብትተውም አፏ እንደ ድሮው ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሬዲዮውን ዜና አንባቢ ታርማለች። ጤናህን ከጠየቅኩ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

የላክኸው አልበም ደርሶኛል። ሽፋኑ ላይ “የመጀመሪያው አልበማችን በአዲስ መልክ” ይላል። ጀርባውን ገልብጬ ስሞቹን አነበብኩ። ያንተ አለ። የአዲሱ ድራመር አለ። ያን አልበም ከባዶ አብሮህ የሠራው ሰው ግን የለም። ድራሙን በሙሉ አውጥተህ በሌላ ሰው እጅ አስመትተኸዋል።

በአሥራ ስድስት ዓመት ስድስት አልበም አወጣህ። በስድስቱም ሽፋን ላይ ሳትለወጥ የቆምከው አንተ ብቻ ነህ። አራት ድምፃዊ፣ ሦስት የቤዝ ተጫዋች ቀያየርክ። በሰባት ምት ጀምሮ በአሥራ አንድ የሚያልቅ የሜታል ሙዚቃ ሁሉም ሰው አይችለውም ስትለኝ እሺ አልኩ። የሄደው ይሂድ፣ የመጣው ይምጣ። የሄደ ሰው ትቶልህ የሄደውን መፋቅ ግን ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ይባስ ብለህ የሦስተኛውን አልበም ዋና ቅጂ ላኪልኝ አልከኝ። የቀረጽኩት እኔ ስለሆንኩ እኔ ጋ ነው ያለው። በረጅሙ ሙዚቃ ላይ ያለው የድራም መዘግየት ሁልጊዜ ያሳፍረኛል ብለሃል። እንግዲያው ስለዚያ መዘግየት ልንገርህ።

ያኔ የመጀመሪያው ድራመርህ ግራ ጆሮ መስማት ካቆመ ዓመት አልፎት ነበር። ቀኙም እየሄደ ነበር። እኔ ያወቅኩት በጆሮ ማዳመጫው ነው። ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ለእኔ እስኪሰማኝ ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጌለት እንኳ በእጁ ጨምሪ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት። ሁሉንም ነገረኝና ላንተ እንዳልናገር አስማለኝ። ካወቀ በዚያው ዕለት ሰው ይተካብኛል አለ። ተሳስቷል ትለኛለህ?

እንዴት ይመታ እንደነበር ታውቃለህ? በእግሩ። የቤዙ ማጉያ ከወንበሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ንዝረቱ በወለሉ እንጨት በኩል ወደ እግሩ ይመጣለታል፤ በዚያ ይቆጥራል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን ያን ሙዚቃ ስምንት ወር እንዲያ ነው ያጠናው። በቀረጻው ቀን አንተ ገብተህ፣ የቤዙ ድምፅ በድራሙ ማይክሮፎን ይገባል ብለህ፣ ማጉያውን ወደ ኮሪደር አስወጣኸው።

ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። በመስታወቱ አሻግሮ እኔን ተመለከተኝ። ወደ ውስጥ የምናገርባትን ቁልፍ ተጭኜ፣ መልሱት ይሻላል ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጣቴ ቁልፏ ላይ ነበር። አልተጫንኩም። ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ ምስጢሩን ማውጣት ሊኖርብኝ ነው፤ ምያለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳለህ። መሐል ላይ ወደ ኋላ ቀረ፤ ደረሰባችሁ፤ እንደገና ቀረ። ስትጨርሱ በሁሉም ፊት፣ ጠጥተህ ነው እንዴ የመጣኸው አልከው። አዎ ጠጥቻለሁ አለህ። መጠጥ የሚባል በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው። ደንቆሮ ከሚባል ሰካራም መባልን መረጠ። ዕቃህን ይዘህ ውጣ ስትለው ሲምባሎቹን፣ የናስ ሳህኖቹን፣ ለብቻው ፈትቶ በሁለት ዙር ተሸክሞ ወረደ። በሩን እንኳ የያዘለት አልነበረም።

ሌላ ቀን ለመቅረጽ ጊዜ ስላልነበረህ ያንኑ አወጣኸው። ሰው ከሁሉም አልበሞችህ አስበልጦ የወደደውም እሱን ነው። ድራሙ ወደ ኋላ የሚጎተትበት ቦታ እንደ ሰው ትንፋሽ ነው ሲሉህ፣ ሆን ብዬ ያቀናበርኩት ነው ብለህ በቃለ መጠይቅ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ምስጋናውን ስትቀበልበት ያላሳፈረህ ዛሬ እንዴት አሳፈረህ?

አሁን ጨርሶ አይሰማም። ማተሚያ ቤት ይሠራል። ማሽኑ ሊበላሽ ሲል ከመካኒኮቹ ቀድሞ በጫማው የሚያውቀው እሱ ነው። ካገባኝ ወዲህ ከእማዬ ጋር በወረቀት እየተጻጻፉ ይከራከራሉ፤ ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ናት፤ እስክሪብቶውን አትሰጠውማ። አልበምህ የደረሰ ቅዳሜ እኔ አልከፍተውም ስል እሱ ከፈተው። መዳፉን ስፒከሩ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ቆመ። ስለ አዲሱ ድራመር፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው አለ። ከዚያ የታጠበውን ልብስ ሊያሰጣ ወጣ፤ ሸሚዞቹንም ቀሚሶቼንም። እኔ እዚያው ተቀምጬ በገንኩ። ባንተም፣ በዚያች ቁልፍም።

ቅጂውን አልልክልህም። ከፈለግከው ቤታችን ና፤ ራሱን ጠይቀው። ፊት ለፊት ቆመህ ቀስ ብለህ ተናገር፤ ከንፈር ያነባል። ጺምህን ግን ከከንፈርህ ላይ አሳጥረህ ና፣ አለዚያ አይገባውም።

ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኑን ያውቃል፤ ምን እንደምጽፍ ግን አያውቅም። መሐላዬን ያፈረስኩት ሳላስፈቅደው ነው፤ የሚመጣውን እኔ እችለዋለሁ።

ትከሻህን ይማርልህ። ጣቶችህን ይጠብቅልህ። ጆሮህን ደግሞ አብዝቶ ያቆይልህ።

እሱ ሰላም በይልኝ ብሎኛል። አልተቀየመህም።

እኔ ተቀይሜሃለሁ።

እህትህ