ሁለት ልብ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ረፋድ ላይ

ለጨቅጫቃው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ፣ የኔ ጌታ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ትንሿ የፊት ጥርሷን አወለቀች ብለኸኝ ነበር፤ ስትስቅ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ ያችን ቃል ስላበዛኋት መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ ዛሬ እንኳ አዎ ወይም አይ በይኝ፤ አባዬ ይረሳል ወይስ አይረሳም?» ብለህ ስታፋጥጠኝ፣ «አባትህ ድሮስ የሰው ስም ይዞ ያውቃል?» ብዬ ሳቄን ለቀቅኩብህ። አጠገቤ ተቀምጦ ጋዜጣ ያገላብጥ ነበር። መልሱ አዎ ነው። ይረሳል። ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። አሁን ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቷል፤ ሳይመለስ ልጨርስ ብዬ ነው የምጣደፈው። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብህ ለዚያ ነው።

ቁጣህን እዚያው ጨርስና አንብብ። ለምን እንደዋሸሁህ ለማስረዳት ስለ ብሪጅ ማውራቴ ግድ ነው። ካርታ እንደሚያሰለችህ አውቃለሁ። ታገሰኝ፣ አጭር ነው።

ብሪጅን አራት ሰው ሁለት ለሁለት ሆኖ፣ አጋርና አጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጫወተዋል። ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። እያንዳንዱ በተራው ቁጥርና የካርታ ዓይነት ይጠራል፤ «አንድ ስፔድ»፣ «ሦስት ዳይመንድ» እያለ። የያዝከውን ለአጋርህ የምትነግረው በዚያች ጥሪ ብቻ ነው። መሳል፣ ዓይን መጥቀስ፣ መተከዝ ሳይቀር ነውር ነው። ስለዚህ አጋሮቹ «እንዲህ ስል እንዲህ ማለቴ ነው» ብለው አስቀድመው ይዋዋላሉ፤ ሲስተም የሚሉት ይኼንን ነው። ውሉ ግን ምስጢር አይደለም። ተጋጣሚ «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ የሚመልሰው የጠራው ሰው ሳይሆን አጋሩ ነው፤ የሚያውቀውንም አንድ ሳያስቀር መናገር አለበት።

የኛን ውል አባትህ በአርባ ገጽ ደብተር ጽፎት ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቀያሽ ሆኖ የመሬት ካርታ ሲያነሣ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ ወደዚህኛው ካርታ ዞረ። ያው ጥቃቅን ፊደሉ፣ ያው በማስመሪያ የተሰመረ መስመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ ባለው አዳራሽ ስንጫወት፣ በአዳራሹ ሙሉ የሱን ያህል ሲስተም የሚያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት መንገድ ላይ ነው። ወደ ብሪጅ ክበባችን ስንሄድ መስቀለኛው መንገድ ላይ መኪናውን አቆመና «በየት በኩል ነበር?» አለኝ። ራሱ የቀየሰው መንገድ ነው እኮ! «በግራ» አልኩት። ስለ ምርመራ ሳነሣበት ቱግ አለ። «ብሪጅ የሚጫወት ጭንቅላት ነው የሚመረመረው? እስቲ መጀመሪያ ያሸንፉኝ!»

እኔም ምን አደረግኩ መሰለህ? «እኔ መያዝ እያቃተኝ ነው፤ ሲስተሙን እባክህ ቀለል እናድርገው» አልኩት። እሱም «አይዞሽ፣ የዕድሜ ነው» እያለ፣ እያዘነልኝ፣ ገጽ በገጽ ሰረዘልኝ። አርባው ገጽ ስድስት ቀረ። በጨረታው ሲሳሳትም «የረሳሁት እኔ ነኝ» ማለት ለመድኩ። ክበቡ ውስጥ «እትዬ ደክመዋል» መባል ተጀመረ። እኔ! ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆሜ የሐኪም ጭረት ሳነብ የኖርኩት! ለክብሩ ብዬ ነው እል ነበር። የሱን ክብር ብቻ ሳይሆን የራሴንም ፍርሃት ነበር የምሸፍነው። ቅዳሜ ከሰዓት እስከተጫወተ ድረስ ያው የማውቀው ባሌ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ካልተሰረዙት ውሎች አንዷን ብቻ ልንገርህ። እኔ ጠንካራ ካርታ ይዤ «አንድ ኖትራምፕ» (ዓይነት ሳልመርጥ ማለት ነው) ብዬ ጨረታውን ስከፍት፣ እሱ «ሁለት ዳይመንድ» ካለ፣ ዳይመንድ አለኝ ማለቱ አይደለም። «አምስት ልብ ይዣለሁ፤ አንቺ ሁለት ልብ በይ» ማለቱ ነው። ድሮ፣ ገና ጀማሪዎች ሳለን፣ ዳይመንድ ስንል ዳይመንድ ማለታችን ነበር። ይቺን አዲሷን እሱ ራሱ ስላመጣት «እሷንማ አትንኪብኝ» አለ። ባለፈው ወር ግን ሁለት ጊዜ ረሳት፤ አንዴ ቤት ስንለማመድ፣ አንዴ ክበብ። ሁለቱንም ጊዜ ልብ የለውም፤ ዳይመንዱን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

የላክህልኝን የመርሳት ሐኪሙን ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ስለጥፈው አይቶ፣ «የዓመቱ ውድድር ይለፍ» አለኝ። «ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከገባን ይኼን ነገር ዳግም አታነሺብኝ። ካልወጣን እሄዳለሁ።» እሺ አልኩ። ሞኝነቴን እይልኝ፤ ቢያሸንፍ ሐኪም አያይም፣ ቢሸነፍ ደግሞ ልቡ ይሰበራል፤ እኔ በሁለቱም ተስማምቼ ፈረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ዙር ላይ ስንደርስ ሁለተኛ ነበርን። ተጋጣሚዎቻችን የጥርስ ሐኪሙና ዝምተኛዋ እኅቱ ናቸው። ካርታዬን አነሣሁ። ጥሩ እጅ ነው፤ ልብ ሁለት፣ ዳይመንድ አራት። «አንድ ኖትራምፕ» አልኩ። በግራዬ ያለችው እኅቱ አለፈች። አባትህ ካርታውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና ካርታውን አየ።

«ሁለት ዳይመንድ።»

ያችን አነጋገር አውቃታለሁ። ባለፈው ወርም እንዲህ ነው ያለው፤ ዘና ብሎ፣ ከድሮው ዘመን ሆኖ። ረስቷል አልኩ በሆዴ።

የጥርስ ሐኪሙ በትሕትና ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ይቺ ጥሪ በናንተ ምን ማለት ናት?»

«ልብ ነው» ብል በደብተሩ እውነት ነው። ግን እኔ ከደብተሩ በላይ አውቃለሁ፤ የማውቀውን ደብቄ ብጠቀምበት ማታለል ነው። ደግሞ ሙሉውን ልናገር ብል አባትህ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ የውድድሩ ዳኛ ከኋላዬ ቆሟል። ልጄ፣ ለአንተ በስልክ፣ በዚያ ሁሉ ርቀት፣ ያልተናገርኩትን እዚያ እንዴት ልናገር?

«በስምምነታችን አምስት ልብ ማለት ነው» አልኩ። «ግን ባለቤቴ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ረስቶታል።»

የጥርስ ሐኪሙ ጠይቆ በመጸጸቱ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አለፍኩ» አለ ቀስ ብሎ። ወደ አባትህ ማየት አቃተኝ። ውሉ የሚያስገድደኝን «ሁለት ልብ» አልኩ፤ እውነትም ሁለት ልብ ነበርኩ። የተናገርኩትን ልመልሰውም አሰኘኝ፣ ደግሜ ልናገረውም አሰኘኝ። ሁሉም አለፉ።

እንግዲህ በብሪጅ ሕግ ጨረታውን ያሸነፈው ሰው፣ እዚህ ላይ እኔ፣ ሲጫወት አጋሩ ካርታውን በሙሉ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ይኸውልህ፣ መርሳት አለመርሳቱ አሁን ሊታይ ነው። አባትህ በረጋ እጅ ማስቀመጥ ጀመረ። ስፔድ ሁለት። ፍላወር አንዲት። ከዚያ ልብ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

አምስት ልብ! የጥርስ ሐኪሙ ሳቁን ለቀቀው። «ጋሼ፣ ምኑን ረሱት ታዲያ?» የቀሩትን አምስት ካርታዎች ሲያስቀምጥ አላየሁም። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ባሌን፣ ምንም ሳያጠፋ፣ በሰው ፊት አዋረድኩት። ተጫወትኩ፤ «ሁለት ልብ» የሚጠይቀውን ስምንት ዙር በላሁ፤ ሁለተኛ ወጣን። አጨበጨቡለት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔን ደግሞ ባሏን የምታሳጣ ሴት በሚታይበት ዓይን አዩኝ። ከሴቶቹ አንዷ «እትዬ ራሳቸው እየረሱ...» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ደረጃውን ስንወርድ «ይቅር በለኝ» አልኩት። መኪናው ውስጥ ገባን፤ ቁልፉን ይዞ ተቀመጠ እንጂ አላስነሣውም።

«አምስት ዳይመንድም ነበረኝ» አለ።

«እ?»

«አምስት ልብ፣ አምስት ዳይመንድ። አላየሽም? ዳይመንዱ ደህና ስለነበር ዳይመንድ አልኩ። ልብ ማለቴ አልነበረም። አንቺ ‹በስምምነታችን› ስትይ ነው ስምምነት እንዳለን ትዝ ያለኝ።»

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ የማይረባ ነገር ተናገርኩ። «ይኼን እኮ ማንም አያውቅም፤ ደግሞ ሁለተኛ ወጥተናል።»

«አዎ። እኔ ረስቼ ጎበዝ ተባልኩ፤ አንቺ እውነቱን ተናግረሽ ውሸታም ሆነሽ ወረድሽ።» ቀጠለና «ደብተሩንስ? ደብተሩን ያሳነስሽው ለኔ ብለሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ከሦስት ወር ጋር።»

አለቀሰ፣ ልጄ። አባትህ ሲያለቅስ አንተ አይተህ አታውቅም፤ እኔም ካየሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና በሩን ከፍቶ ወረደ። «ወዴት ነው?» ብለው፣ «መጣሁ» ብሎ ደረጃውን ተመልሶ ወጣ።

እነዚያን ደቂቃዎች አልረሳቸውም። ምን ሊያደርግ እንደወጣ ገብቶኛል። የፈራሁት እዚያ ሲደርስ ለምን እንደወጣ ቢጠፋበትስ ብዬ ነው። በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ የሚለው ቢጠፋውስ? ልከተለው በሩን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ብከተለው እንደገና ሸፈንኩት ማለት ነው። የበሩን እጀታ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ተያይዘው ወረዱ። ሰውየው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ነገረኝ፤ አባትህ መሐል አዳራሽ ቆሞ «ባለቤቴ ያለችው ልክ ነው፤ ረስቼ ነበር፤ ልቡ በአጋጣሚ ነው የተገኘው» ብሏል። ዳኛው ደንግጦ «ጋሼ፣ ምንም ሕግ አልተጣሰም፤ ውጤቱ አይለወጥም» ሲለው፣ «የመጣሁት ለውጤቱ አይደለም፤ ለሚስቴ ነው» ብሎ መልሷል።

ቤት ስንደርስ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት ነቅሎ ሰጠኝ፤ «ቅጠሪ» አለኝ። ትናንት ደወልኩ፤ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ነን። ከውድድሩ ይልቅ ይኼኛው አስፈርቶኛል። ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ ልብስ ሳጥፍ ነው ድንገት እጄ የሚቆመው። ሥራህን ጥለህ ና አልልህም። በኛ የተነሣ ምንም እንዳታፈርስ። ለነገሩ ክፍልህን ትናንት አናፍሼዋለሁ፣ አንሶላውንም ቀይሬዋለሁ፤ እንዲያው አቧራ እንዳይበዛበት ብዬ ነው።

ደብዳቤውን ይዛልህ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ዓርብ እዚያ ትደርሳለች። ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርህ፤ አባትህ «ለልጄ እኔው ራሴ ነኝ የምነግረው፤ አንቺ እንዳትቀድሚኝ» ብሎ አስምሎኛል። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሑድ ይደውልልሃል። ሲነግርህ ምንም እንዳልሰማህ ሆነህ ስማው፤ አታቋርጠው፣ ቃል አታቀብለው። ደውሎ ስለ አየሩና ስለ ልጆቹ ብቻ አውርቶ ከዘጋም አትጠይቀው፤ በሚቀጥለው እሑድ ይነግርሃል። ነግሮህ ሲያበቃ ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ ደውሎ «አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» ካለህ፣ እንደ አዲስ ስማው፣ ልጄ።

ፈጣሪ አንተንና ቤትህን ይጠብቅልኝ፤ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ። የበሩ መዝጊያ ተንኳኳ፤ መጣ።

እናትህ