ቀይ ሲሆን ወጣ ነው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለፔይሻን፤ የበርሊን ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኛም እዚህ ታይዋን፣ ጂያዪ ከተማ ሙቀቱን እየረገምን ደህና ነን።

አባትሽ በየወሩ በሦስት ሺህ የታይዋን ዶላር የትልልቆቹን ኩባንያዎች አክሲዮን አንድ ላይ የያዘውን ፈንድ ሲገዛልሽ፣ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሞላው። ያስገባው እጥፍ ሆኗል። «አንቺ እጅሽ አያርፍም፤ አትነካኪው፣ ተኝቶ ይደግ» እያለ ይቆጣኝ ነበር። የአክሲዮን ዋጋው በስክሪኑ ላይ ቀይ ሲሆን ወጣ፣ አረንጓዴ ሲሆን ወረደ ማለት እንደሆነ ያስተማረኝም እሱ ነው። እናንተ ጋ ተገላቢጦሽ ነው ስትይው፣ «ፈረንጅ ያልገለበጠው ምን አለ!» ብሎ የሳቀው ትዝ ይልሻል?

ማክሰኞ ዕለት ገበያው አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኖ ዋለ። አባትሽ ግን ሁለት ኪሎ የዘይቱን ፍሬ ገዝቶ እየተጣደፈ ገባና፣ «አንቺ፣ ዛሬማ ተመነደግን!» አለኝ። ያስተማረኝን ራሱ ረስቶታል፤ አላረምኩትም። ቁጭ ብለን በላን፤ ጣፋጭ ነበር።

ለአዲሱ ዓመት እመጣለሁ ያልሽውን ትንሽ ብታስቀድሚው ምን ይመስልሻል? ከፈንዱ ላይ ጥቂት ሸጬ የቲኬቱን ልኬልሻለሁ፤ ለእሱ አልነገርኩትም።

ጉንፋን እንዳይዝሽ ደራርበሽ ልበሺ፣ ሰላም ያገናኘን። ስትመጪ ደግሞ ስለ ቀለሙ ምንም ቢልሽ «አዎ አባዬ» በዪው።

እናትሽ ሱዪን