ወይዘሮ ብዙነሽ ኤርሳዶና ያልተፈረመው ዋስትና

ወይዘሮ ብዙነሽ ኤርሳዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሳዶ ሀንዲሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በ1946 ዓ.ም. በከምባታ፣ ዱራሜ አጠገብ ተወለዱ። በካቶሊክ ሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በድሬሰርነት ሠለጠኑ፤ በክሊኒክም አገለገሉ።

በ1965 ዓ.ም. ፕሮቴስታንት የነበሩትን መምህር ሀብተወልድን አገቡ። በሠርጉ ቀን ካቶሊክ የነበሩት አባታቸው በራቸውን ዘግተው ዋሉ። የሙሽራው ወገኖችም «ጣዖት አምላኪ አመጣብን» ብለው አዘኑ። በ1967 ዓ.ም. ልጃቸው ጠጄ ተወለደች።

በ1971 ዓ.ም. ካድሬዎች የፕሮቴስታንቶቹን ጸሎት ቤት ሲዘጉ መምህሩ ታሰሩ። የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ያገኘ ይፈታ ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ የዋስትናውን ቅጽ ይዘው የመንግሥት ሠራተኛ ወደነበረው ታናሽ ወንድማቸው፣ ይህን ወደጻፈው ወደ አለማየሁ መጡ። እሱም «መጀመሪያ ጠጄ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትጠመቅ» አላቸው። ቅጹን አጥፈው ሄዱ። መምህሩ በሦስተኛው ወር እስር ቤት ውስጥ በተስቦ ሞቱ። የመምህሩ ወገኖችም ልጃችን በካቶሊክ እጅ አታድግም ብለው ሕፃኗን ወሰዱባቸው።

በ1974 ዓ.ም. ወደ ጅዳ ተሻግረው ኦብሑር በተባለ ሰፈር በአንድ ቤት በሠራተኛነት ተቀጠሩ። ለጠጄ የጻፉት ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፈት ተመለሰ። አሠሪያቸው ማዳም ቤተሰቧን ይዛ ለረመዳን መካ ስትሄድ፣ እሳቸው ክርስቲያን ስለሆኑ ብቻቸውን ቤት ይጠብቁ ነበር። የቤቱን ልብስ ከምትሰፋው ከመካዊቷ ዘይቱና ጋር ግን እንደ እህት ሆኑ።

በ1980 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመሙ። ከፊላቸው፣ ማለትም በስሙ ያስመጣቸው አሠሪ፣ ወደ አገር ሊመልሳቸው ሲነሣ፣ የዘይቱና ባል ዑስማን፣ የወሎ ስደተኛ ልጅ ሆነው መካ የተወለዱት፣ የብዙነሽን ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) በራሳቸው ስም አዛውረው ሕክምና አስገቧቸው። ስለ ሃይማኖታቸው አንድም ነገር አልጠየቁም።

በዚያው ዓመት አለማየሁ ለአየር መንገድ ሥራ ጅዳ መጣ፤ ሸረፊያ በተባለው የጅዳ ሰፈር በሚያርፉበት ክፍል እህቱን አገኛቸው። እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ሲለምናቸው፣

«እኔ ትቼዋለሁ። ጠጄ ግን እናቴ ጥላኝ ሄደች እያለች ነው የምታድገው። እውነቱን አንተው ንገራት» አሉት።

እሺ አለ። ለዕረፍት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ዱራሜን ሳይረግጥ ተመለሰ። ለምን እንዳልሄደ ሲጠይቁት መንገዱን አመካኘ። ዳግመኛ አልጠየቁትም።

ወይዘሮ ብዙነሽ ጥር 12 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ35 ዓመታቸው አረፉ። ዓይናቸውን የከደነች ዘይቱና ናት። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ጠጄ፤ እናትሽ አልጣለችሽም። አባትሽን ማስፈታት እየቻልኩ ያላስፈታሁት እኔ አጎትሽ ነኝ። ይህን ወረቀት በሰው አልክልሽም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

አምላክ የእህቴን ነፍስ ከመምህር ሀብተወልድ ነፍስ ሳይለይ ያሳርፍ።