የባለቤቴን ኩባያ ስለጠገናችሁልኝ

ለክቡር ሚስተር ቶርንዌል ፔይስሊ
የፖርት ኤልድሪጅ ከተማ የጎብኚዎች አቀባበል ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቢሮዎንም እንደ ወትሮው ተጠርጎና ታጥቦ እንደሚያገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ኤርኔስቲን ብሮተን እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ ወደብ ዳር አርባ ዓመት ዓሣ ሳጸዳ የኖርኩ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ልጄ ዘንድ የተጠጋሁ ሴት ነኝ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከገና ወዲህ ወደ ከተማ አልተሻገርኩም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልጄ ሉዌላ ለልደቴ ብላ በቢሮዎ ሠረገላ የምዞርበትን ቲኬት ገዛችልኝ። “እማ፣ ዕድሜ ልክሽን ቱሪስት ሲያልፍ ቆመሽ አይተሻል፤ እስቲ አንድ ቀን አንቺም ተቀምጠሽ እለፊ” አለችኝ። ተቀመጥኩ፤ አለፍኩም። ስለ መስተንግዶው ምስጋናዬን ተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሠረገላው። መቀመጫው ለስላሳ፣ ፈረሱም ጨዋ ነበር፤ ከተሳፈርነው መካከል ከፈረሱ የበለጠ ጨዋ አላየሁም። አስጎብኚው በየትልልቁ ቤት ደጃፍ እያቆመ የባለቤቶቹን ስም እስከ ቅድመ አያታቸው ዘረዘረልን። ጡቡን የሠሩት፣ ምግቡን ያበሰሉት፣ ልጆቹን ያሳደጉት ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ግን “አገልጋዮች” ብሎ በአንድ ቃል ገላገለን። ጊዜያችንን ስለቆጠበልን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽዳቱ። ሠረገላው በቤተ ክርስቲያናችን መቃብር አጠገብ ቆመ። እኛ የእነዚያ “አገልጋዮች” የልጅ ልጆች ሰው ስንቀብር ሟቹ በመጨረሻ የያዘውን ዕቃ፣ ኩባያም ይሁን ሳህን ወይም የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ሰብረን ወይም ታቹን በስተን መቃብሩ ላይ እናኖራለን። የምንሰብረው ሟቹ ከቤት ሌላ ሰው አስከትሎ እንዳይሄድ ነው። ቅዳሜ ዕለት መቃብሮቹ ሁሉ ራቁታቸውን ነበሩ። ሣሩ ታጭዷል፣ ድንጋዮቹ ታጥበዋል፣ አንድ ስባሪ አይታይም። አስጎብኚው ወደ እኛ ዞሮ “ይኸውላችሁ ወገን፣ እስካለፈው ወር ድረስ እዚህ ሁሉ የተሰባበረ ሳህን ነበር፤ ቆሻሻ ማንሻ መኪና መኖሩን አልሰሙም መሰለኝ” አለ፤ ሠረገላው ሙሉ ሳቀ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ሳቋን ስትጨርስ ከረሜላ ጋበዘችኝ። አፌን ለከረሜላው ብከፍት ምን ዓይነት ቃል እንደሚወጣ ስለማውቅ በቦርሳዬ አኖርኩት።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥገናው። ጉብኝቱ ያበቃው በቢሮዎ አዳራሽ ነው። እዚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በትንሽ መብራት ሥር፣ የባለቤቴን የሄዘካያን ኩባያ አየሁት። ነጭ ነው፤ አፉ ዙሪያ ሰማያዊ መስመር አለው፤ እጀታው አጠገብ ሄዘካያ በምላጭ የጫራት ትንሽ መስቀል አለች። እኔ በራሱ በሄዘካያ መዶሻ ታቹን የበሳሁት ቀዳዳ ግን የለም። የአዳራሹን ሠራተኛ ቀዳዳው የት ሄደ አልኳት። “አይዞዎት እማማ፣ ከአዲስ አይለይም እኮ። ባለሙያ አስመጥተን ነው ያስጠገንነው፤ አሁን ውሃ ቢሞሉት ጠብ አይልም” አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ኩባያው የባሌ መሆኑን ስነግራት ማስረጃ ጠየቀችኝ።

ማስረጃ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ለማንም ነግሬው አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት በሃምሳ ዓመቴ፣ ብቻዬን፣ ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ከተማርኩ በኋላም የማልጠግብ ሆንኩ። ሄዘካያ ታሞ በተኛበት አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ኩባያ ቀዝቃዛ አሬራ እንዳመጣለት ጠራኝ። “ቆይ፣ ይቺን ገጽ ልጨርስ” አልኩት። “ጨርሺ፣ የኔ አስተማሪ” አለኝ። ገጹን ጨረስኩ፤ የሚቀጥለውንም ጨረስኩ። አሬራውን ይዤ ስገባ የሚጠጣው አልነበረም። እንግዲህ ያ ኩባያ በመጨረሻ የጠጣበት ሳይሆን በመጨረሻ የለመነኝ ነው። ልሰብረው ስል መዶሻው ሦስት ጊዜ ከእጄ ወድቋል። ዛሬ ጠብ ሳይል እንደሚሞላ ስላበሠራችሁኝ አመሰግናለሁ። የሚጠጣውንም ሰው በዚያው ባለሙያ አስጠግናችሁ ብትልኩልኝ ምስጋናዬ የተሟላ ይሆን ነበር።

አራተኛ፣ ሉዌላ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። የተጠገነ ኩባያ ከቤት ሰው ይጠራል መባሉን አምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ እርግጠኛ አይደለሁም። እሷም “ተረት ነው፣ እማ” ብላኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ኩባያውን አስወጣሽው ወይ ሳትለኝ የቀረችበት ቀን የለም። እኔ አንድ ጊዜ “ቆይ” ብዬ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አልልም። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከአራት ሰዓቱ ሠረገላ ጋር የሄዘካያን መዶሻ ይዤ እመጣለሁ። ሣጥኑን ከፍታችሁ ብትጠብቁኝ መስታወቱ ይተርፋል።

ከተማችንን ከእኛ ስላጸዱልን ከልብ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከእሱ በማይተናነስ መጸየፍ፣

ኤርኔስቲን ብሮተን
የሄዘካያ ብሮተን ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ከኩባያው ሥር ያኖራችሁት ካርድ “ከመቃብር ቦታ የተገኘ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ” ይላል። ኩባያውን ካነሣችሁበት ስንዝር ራቅ ብሎ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል፤ ሠራተኞቻችሁ ደግሞ አጥበውታልና ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። በቢሮዎ ማንበብ የከበደው ሰው ካለ ወደ እኔ ይላኩት፤ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላም ይቻላል።