ለማክሰኞው ድራማ ኃላፊ፦ ዓረፍተ ነገሬ ይመለስልኝ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተዋለልን ውለታ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ ማስመለስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ ድንገት ብትታመሙ እንኳ በድራማዎ ውስጥ ወዳለው ሆስፒታል እንዳትወሰዱ ከልብ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከዚያ ሆስፒታል በእግሩ ሲወጣ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱም መብራት ሊጠግን የገባው ሠራተኛ ነበር።

እኔ ከቤቴ ክፍሎች አንዱን ስፌት ቤት አድርጌ ለሐኪሞችና ለነርሶች ጋዋን የምሰፋ፣ በደረቱ ላይም የሆስፒታሉን ስም በክር የምጠልፍ ሴት ነኝ። ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። አንደኛዋ የተሰፋውን በካውያ የምትተኩሰው ተኳሿ ናት። ሁለተኛው ቁልፍ የሚተክለው ሰውዬ ሲሆን፣ በሕይወቱ አንድም ክርክር ፈርዶ ስለማያውቅ «ዳኛው» እንለዋለን። ታናሽ እህቴም ከእኔው ጋር ትኖራለች፣ ስለ እሷ ግን ወደ ኋላ እመጣለሁ፤ ወደ ኋላ የምመጣውም ስለ ፈራሁ ነው።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ስለሚወጣ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሌላ ሥራ ያላቸው ዕድለኞችም ሊያነቡት ይችሉ ይሆናልና ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በድራማዎ ውስጥ አንድ ቀዶ ሐኪም አለ፤ አንዲት ሲስተርም አለች። የሲስተሯ ባል በቀዶ ሐኪሙ እጅ ሞተ። ጥፋቱ የሐኪሙ ይሁን የበሽታው፣ እርስዎ በሃምሳ ክፍል ሊነግሩን አልፈቀዱም። ከዚያም ሁለቱን አንዴ በኮሪደር፣ አንዴ በአሳንሰር፣ አንዴ በሻይ ክፍል ሲያጋጥሙ ከርመው፣ በሃምሳ አንደኛው ክፍል እጅ ለእጅ አያያዙልን። ሕዝቡም «ይጋቡ» እና «ይለያዩ» በሚል ለሁለት ተከፈለ። ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ስፌት ቤቴ ሰላም። ተኳሿ ከመጀመሪያው «ይጋቡ» ባይ ናት። የሞተው ባልዬው ነው፣ እሷን ለምን አብረን እንቀብራታለን ትላለች፤ ይህንንም የምትለው በየቃሉ ካውያውን ጨርቁ ላይ እየጣለች ስለሆነ እንፋሎቱ ክርክሯን ያግዝላታል። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ «ይለያዩ» እል ነበር። ባሏ እጁ ላይ የሞተባትን ሰው ዓይኑን እንዴት ታየዋለች፣ ሰው አልጠፋ፣ እያልኩ መቀሱን አጮኻለሁ። ዳኛው በመካከላችን ተቀምጦ ወደሚናገረው ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ረቡዕ ታዲያ ክርክሩ ጦፎ፣ እሱም ወዲህና ወዲያ ሲዞር፣ የአርባ ነርሶችን ጋዋን ቁልፍ በሙሉ በወንድ በኩል ተክሎት ተገኘ። ሆስፒታሉ አንድም ሳያስቀር መለሰልን። ሦስት ቀን ሙሉ ቁልፍ ስንፈታ ዋልን፤ እየፈታንም ስለ ሲስተሯ እንከራከር ነበር። ሰውን ከሥራው ለማስፈታት እንዲህ ያለ ችሎታ ስለ ሰጣችሁ ፈጣሪ ይመስገን።

፪ኛ. ስለ ተመልካች ድምፅ። ባለፈው ዓመት «እናንተ ወስኑ፣ እኛ እንሠራለን» ብላችሁ በቴሌቪዥን ስታስነግሩ፣ አገር ምድሩን ትታችሁ እኔን የጠራችሁኝ መሰለኝ። አቤቱታ ጻፍኩ። ተኳሿን ለማሸነፍ ስል በሕይወቴ ያልጻፍኩትን ያህል አሳምሬ ጻፍኩ። በመካከሉም እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፦ «ባሏን ያላዳነ እጅ፣ እጇን ሊይዝ አይገባውም።» ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ከፎቅ ፎቅ ወጣሁ፤ ክሊኒክ ወረፋ የያዙ ሰዎችን አስፈረምኩ፤ ክር የሚያመጣልኝን ነጋዴ፣ ክሩን ሳላይለት በፊት አስፈረምኩት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ፊርማ ሞላልኝ።

ሁለት መቶ አሥራ አራተኛዋን የፈረመችው እህቴ ናት። ከሥራ ተመልሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን በእጇ እያሸች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ይህቺን ነገር የጻፍሽው አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደ ተመሰገነ ተማሪ ደረቴን ነፍቼ፣ እንግዲህ ማን ይጻፍልኝ ኖሯል አልኳት። እስክሪብቶ ጠየቀችኝና ፈረመች። የመድኃኒት ካርድ ላይ እንደምትፈርመው፣ ትንሽና ንጹሕ ፊርማ ነበር። ከዚያ እራት አልፈልግም ብላ ተኛች። ደክሟት ነው አልኩ።

፫ኛ. ስለ ፈጣን ምላሻችሁ። በዚህ አገልግሎት የትኛውም መሥሪያ ቤት አይደርስባችሁም። የቤቴ የውሃ ቧንቧ እንዲጠገንልኝ ካመለከትኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ እናንተ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሐኪሙን ዕቃውን አስይዛችሁ ከሆስፒታሉ አስወጣችሁት። ክፍሉ ከማለቁ በፊትም «ለተመልካቾቻችን ድምፅ እናመሰግናለን» ብላችሁ ያቺን ዓረፍተ ነገሬን ወፍራም ድምፅ ባለው ሰው አስነበባችኋት። ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ተኳሿ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። እህቴ ያን ዕለት ተረኛ ነኝ ብላ አልነበረችም፤ ተረኛ እንዳልነበረች ያወቅሁት ኋላ ነው።

፬ኛ. እዚህ ላይ ቁጥሩ ቢዛባብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እህቴ እውነተኛ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ እውነተኛ ሲስተር ናት። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከአራት ዓመት በፊት በዚያው ሆስፒታል ታሞ አረፈ። ያክመው የነበረው ዶክተር የሚቻለውን ሁሉ አድርጓል፤ ይህን እህቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ የነገረንም እሱ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያን ሁሉ ወራት መቀስ ሳጮህ፣ ከፎቅ ፎቅ ስወጣ፣ የእህቴ ነገር አንዲት ጊዜ እንኳ ብልጭ አላለልኝም። ሰው የሚያየውን ሳይሆን የሚከራከርበትን ብቻ ሲያይ እንዲህ ይሆናል መሰለኝ።

የድራማው ቀዶ ሐኪም ከሄደ በሦስተኛው ሳምንት፣ ያ ዶክተር ሦስት ጋዋን በክንዱ ይዞ ስፌት ቤቴ መጣ። ወደ ሌላ ከተማ መዛወሩን ነግሮኝ፣ ከደረቱ ላይ የሆስፒታሉን ስም እንድፈታለት ለመነኝ። መርፌ አንሥቼ መፍታት ጀመርኩ። በሰላም ነው ወይ ዶክተር፣ ምን አስከፋዎት ብዬ ብጠይቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምንም ወቀሳ ሳይኖርበት ነገረኝ። ከእህቴ ጋር ዓመት ያህል እንደ ተግባቡ፣ እኔ ታላቋ ስለሆንኩ በክብር መጥቶ ሊያናግረኝ ቀን ቆርጦ እንደ ነበር፣ በዚያው ሰሞን ግን እህቴ ሐሳቧን እንደ ቀየረች ነገረኝ። ምን ብላ ብዬ ብጠይቀው፣ የሚያውቁንም የማያውቁንም ሰዎች እኮ ፈርደዋል፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ፈርሟል ነው ያለችኝ አለ። አቤቱታውን የጻፈው ማን እንደሆነ አልነገረችውም ነበር። እኔም አልነገርኩትም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተኳሿ ካውያዋን አቁማ ቆማ ቀረች፤ ዳኛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሳይነቀንቅ ተቀመጠ። እኔ የሦስቱንም ጋዋን ክር አንድ በአንድ ፈትቼ፣ አጣጥፌ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። በመርፌ የተወጋ ጨርቅ ክሩ ቢወጣለትም ምልክቱ አይጠፋም፤ ፊደሎቹ እንዳሉ ይነበቡ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስለ ጨርቁ መሰለው።

ዕለቱን እህቴን እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። የጻፍኩት ስለ ድራማ ነው፣ ተኳሿን አፏን ላስይዛት ብዬ ነው፣ አንቺን ያሰብኩ እንደሆነ ይህ ዓይኔ ይጥፋ አልኳት። እሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ኖሮ መልካም ነበር። እትዬ፣ ሳታስቢኝ የጻፍሽው እኮ ነው እውነተኛ ሐሳብሽ አለችኝ። ይህን ተናግራ ጋዋኗን ልትተኩስ ሄደች። እኔ ጋዋን ሰፊ ሆኜ፣ ቤቴ ተኳሽ እያለች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋዋኗን የምትተኩሰው ራሷ ናት።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ክፍልዎ በሚገባ ያውቃል። ሁለተኛ አቤቱታ ጻፍኩ። ሐኪሙ ይመለስ፣ ይጋቡ፣ በደለኛዋ እኔ ነኝ ብዬ፣ በተኳሿ ፊርማ ጀምሬ ላክሁ። ያው ከፎቅ ፎቅ ወጣሁ፤ ሰዎቹ ግን አሁን ስለ ሌላ ድራማ እየተከራከሩ ነበርና ሠላሳ አንድ ሰው ብቻ ፈረመልኝ። እርስዎም «የተመልካች ድምፅ አንድ ጊዜ ከተከበረ አይከለስም፤ በተጨማሪም ቀዶ ሐኪሙን የሚሠሩት ተዋናይ በአሁኑ ሰዓት በሌላ ድራማ የመርከብ አዛዥ ሆነዋል» የሚል፣ ማኅተሙ የደመቀ መልስ በክብር ላኩልኝ። ሰውየው በመርከቡ ደስ ብሎት ይኑር። የእኛው ዶክተርም ጥሩ ቦታ እንደ ደረሰው ሰምቻለሁ። ስልክ ደውዬለት ነበር፤ ከሰላምታ በኋላ ጋዋኑ ልክ ነው ወይ ብዬ ጠይቄው ዘጋሁት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይመልሱልኝ የምልዎ ቀዶ ሐኪሙን አይደለም። ይህ ከእጅዎ እንደ ወጣ ገብቶኛል፤ ከእጄም ወጥቷል። የምለምንዎ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገሬ እስከ ዛሬ የድራማዎ ማስታወቂያ ናት። ጠዋትም ከሰዓትም፣ ከዜናው በፊትም ከዜናው በኋላም፣ ያ ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ «ባሏን ያላዳነ እጅ» እያለ ያነባታል። እህቴ በምትሠራበት ክፍል የሕመምተኞች መጠበቂያው ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የሚዘጋበት ሪሞት ከጠፋ ቆይቷል፤ ሶኬቱም ከመደርደሪያ ጀርባ ነው። እህቴ መርፌ ይዛ በዚያ በኩል ስታልፍ፣ የእኔን ቃል በሰው ድምፅ ትሰማለች። ቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰማ ጠይቄያት፣ አሁን አልሰማውም ብላኛለች።

ጸሐፊዎ በስልክ እንዳስረዱኝ፣ በአቤቱታ የገባ ጽሑፍ የጣቢያው ንብረት ነው። እሺ፣ ንብረት ይሁን። እኔም በስፌት ቤቴ የሰፋሁትን ሁሉ ባለቤቱ ሲጠይቀኝ እፈታለታለሁ እንጂ፣ ክሩ የእኔ ነው ብዬ አላውቅም። ከአየር ላይ አውርዱልኝ፤ ወይም ካልሆነ ሌላ ሰው የጻፈውን የባሰ ነገር ፈልጋችሁ ተኩልኝ፤ ሰው እኮ አይጠፋም፣ የሚጽፍ ሞልቷል። ይህንንም ካልቻላችሁ ድምፁን ትንሽ ቀንሱት።

ለዚህ ሁሉ ትዕግሥትዎ አመስጋኝ ሆኜ፣ ብዕሬን ከእንግዲህ ለልኬት መጻፊያ ብቻ ለማዋል ቃል እየገባሁ፣ ለቀጣዩ ሥራዎም በእውን ያለ ሰው የማይመስሉ ገጸ ባሕርያት እንዲገጥሙዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የመጀመሪያዋ ፈራሚ
ጋዋን ሰፊዋ

ግልባጭ፦
— ለተኳሿ (ትክክል ነበርሽ፤ በቃሌም ነግሬሻለሁ፣ በጽሑፍም ይኑርሽ)

ማሳሰቢያ፦ ቀዶ ሐኪሙ ሲሰናበት ያሳያችሁበት ትዕይንት እጅግ ያምር ነበር፤ በሩ ላይ ደርሶ ሦስት ጊዜ ዞሮ ሲያያት አብሬያችሁ አልቅሻለሁ። ለሙያ ማሻሻያ እንዲሆናችሁ ብቻ፣ እውነተኛው እንዴት እንደ ሄደ እህቴን ጠይቄያት ነበር። እሷ ሰሃን ላይ ኪኒን ስትቆጥር እንደ ነበርና አንዴም ቀና ብላ እንዳላየችው ነገረችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዞረው አለችኝ።